አምስተኛው ሳጥን

ተማሪዎቹ ጋሽ ሚዛን ይሉታል። ስሙን ማን እንዳወጣለት ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ለምን እንደወጣለት ግን የማያውቅ የለም። ቀድሞ የጠመኔ መጋዘን በነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ ወደ ትልቁ ኮሌጅ የሚያመለክቱ ልጆችን ዕድል ሲመዝን ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። ልጁ ይገባል፣ ውጤቱን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ጋሽ ሚዛን መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ካርቶኖቹን ያገላብጥና በመጨረሻ አንዲት ቁጥር ያንሾካሽካል። «ከመቶ ስድስት።» «ከመቶ ሁለት።» አንድ ጊዜ «ከመቶ ዘጠኝ» አለ ተብሎ ግቢው ሳምንት ሙሉ ሲያወራ ከረመ። ዘጠኝ የተባለው ልጅም አልገባም።

የሚያንሾካሽከው ወዶ አይደለም። በወጣትነቱ የሒሳብ መምህር ነበር። ስልሳ ልጅ በሚታጨቅበት ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሲጮህ ኖሮ ጉሮሮው ታመመ፤ ሐኪሞች ቀደዱት፣ ሰፉት፣ ድምፁ ግን በዚያው ቀረ። የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህር ማሰናበቱ ስላሳፈረው «አማካሪ» የሚል ወረቀት በር ላይ ለጥፎ መጋዘኑን ሰጠው። እንዲህ ነው ብዙ ሰው ዕጣው ላይ የሚደርሰው፤ መርጦት ሳይሆን ሌላው በር ተዘግቶበት። ድምፅ ያጣ ሰው ግን አንድ ያላሰበው ሥልጣን ያገኛል። የሚናገረው ሁሉ ምስጢር ይመስላል። ልጆቹ ጆሯቸውን ወደ አፉ አስጠግተው ነው የሚሰሙት፤ ተጠግቶ የተሰማ ነገር ደግሞ አይጠረጠርም።

ካርቶኖቹ የጫማ ካርቶኖች ናቸው፤ አሥራ አንድ። በውስጣቸው ከዚያ ትምህርት ቤት ወደ ትልቁ ኮሌጅ ስላሰበ ልጅ ሁሉ አንዳንድ ካርድ አለ። የትምህርት ውጤቱ፣ ከክፍል ስንተኛ እንደወጣ፣ የመግቢያ ፈተናው ነጥብ፣ የወላጁ ሥራ። ከታች በኩል ደግሞ «መልስ» የምትል አንዲት መስመር አለች። በግቢው ልማድ የሆነ ነገር ነበር፤ ማንኛውም አመልካች፣ ተቀበሉትም መለሱትም፣ የመጣለትን ደብዳቤ ይዞ ተመልሶ መስመሯን ያስሞላል። «ለሚቀጥሉት ይጠቅማል» ይላቸው ነበር ጋሽ ሚዛን። ቅስማቸው የተሰበረ ልጆች ዓይናቸውን ጠራርገው ይመጡና ካርዳቸው ሲሞላ ቆመው ያያሉ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ «አዎ» ተብለው የተሞሉት ሁለት ናቸው። ሌላው ሁሉ «አይ» ነው፤ ወይም ባዶ፣ ቁጥሩን ሰምተው ማመልከቻውንም ለተዉት።

«እኔ አልገምትም» ይል ነበር። «ያለፈውን ነው የምነግራችሁ።»

ራሱን እንደ ሩኅሩኅ ሰው ነበር የሚቆጥረው። ተስፋን የመሰለ ጨካኝ ነገር የለም ብሎ ያምን ነበር፤ ልጅን በባዶ ሜዳ አስሩጦ መጨረሻ ላይ ግንብ የሚያላትም። እሱ ግንቡን ቀድሞ ያሳያል። ሚስቱ ግን በዚህ ነገር ተስማምታለት አታውቅም። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ምላሷ ስለት ነው።

«እኔ ሦስት ሺህ ሴት አዋልጃለሁ» አለችው አንድ ቀን ካልሲ እየጠቀመች። «አንድም ቀን ለምታምጥ ሴት ከመቶ ይህን ያህል ነሽ ብያት አላውቅም። ግፊ ነው የምላት።»

«ያ ሌላ ነው።»

«እንዴት ነው ሌላ የሚሆነው፣ አንተ ሰውዬ? ያንተዎቹም እኮ ምጥ ላይ ናቸው።»

ካልሲውን ተቀብሎ አደረገ።

የነገሩ ሥር ያለው ኮሌጁ በሚልከው ቅጽ ላይ ነው። ቅጹን አማካሪው ብቻ ይሞላዋል፣ ያሽገዋል፣ ተማሪው አያየውም። ብዙ ጥያቄ አለው፤ መጨረሻው ላይ ግን አምስት ትናንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል። በሥራ ዘመንዎ ካገኟቸው ተማሪዎች ሁሉ ይህ ተማሪ የት ይመደባል? አንደኛው ሳጥን ከመካከለኛ በታች፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ጥሩ፣ አራተኛው እጅግ ጥሩ፣ አምስተኛው «በዘመኔ ካየኋቸው ምርጥ ጥቂቶች አንዱ»። ጋሽ ሚዛን አምስተኛውን ሳጥን ነክቶት አያውቅም። ስስት አልነበረም፤ ለቃል ያለው አክብሮት ነበር። ዛሬ ለዚህ ልጅ «በዘመኔ» ብል፣ ነገ ከሱ የበለጠ ቢመጣ ምን ልለው ነው? ሲል ያስብ ነበር። ለጎበዝ ሦስተኛውን፣ በጣም ለጎበዝ አራተኛውን ይሰጣል። አምስተኛው ገና ላልመጣ ልጅ ተቀምጧል።

የአንድ ብረት በያጅ ልጅ የመጣችው በዚህ መካከል ነው።

ገና ሳያገኛት ወሬዋ ደርሶት ነበር። የፊዚክስ መምህሩ የፈተና ወረቀቷን ይዞ እየሳቀ መጥቶ አሳይቶታል። ስለ አንድ ብረት ድጋፍ የተጠየቀውን በትክክል ሠርታ ሠርታ፣ ከግርጌው «መልሱ ይህ ነው፤ ነገር ግን መጋጠሚያው እንደ ሥዕሉ ከተበየደ ጭነቱ እዚህ ቁጥር ላይ ሳይደርስ ይሰነጠቃል። ካላመኑኝ አባቴን ይጠይቁት» ብላ ጽፋለች።

«ጠየቅኸው?» አለው ጋሽ ሚዛን።

«ጠየቅሁት እንጂ! ይሰነጠቃል አለኝ። የሰጠሁት ሥዕል ከመጽሐፍ የተወሰደ ነው እኮ። መጽሐፉን ነው የጣለችው።»

በሳምንቱ አባትና ልጅ ወደ መጋዘኑ መጡ። አባትየው በሩ ላይ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ጣቶቹ ላይ የእሳት ፍንጣሪ የተወው ጠባሳ እንደ ፈንጣጣ ተዘርቷል። አንዲት ወንበር ብቻ ስለነበረች ልጅቱ ተቀመጠች፣ እሱ ቆመ።

«ጋሼ፣ አላወቁኝም አይደል?» አለ።

ጋሽ ሚዛን ቀና ብሎ አየው። ፊቱ ምንም አላለውም።

«እርስዎ እንኳ ሰው በፊቱ አያውቁም። ካርቶን ሁለት ውስጥ ይፈልጉኝ። ለእኔ ከመቶ አራት ብለውኝ ነበር። እኔም አራት ከሆነማ ብረት ይሻለኛል ብዬ ሄድኩላችሁ።» ሳቀ፤ ቂም የሌለበት ሳቅ ነበር። «የማመልከቻውን ወረቀት እንኳ አልወሰድኩም። አሁን ግን ይቺን አመጣሁልዎ። የኔ ጭንቅላት አይደለም ያላት፣ የእናቷ ነው፤ አፏ ግን የኔ ነው።»

«አባዬ!» አለች ልጅቱ።

«ዝም በይ፣ እየተመዘንሽ ነው።»

ጋሽ ሚዛን ወረቀቶቿን አየ። ሒሳብ ዘጠና ሰባት። ፊዚክስ ዘጠና ስምንት። በዚያ ትምህርት ቤት መቶ የሚሰጥ መምህር አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ካርቶኖቹን አገላበጠ። ከእሷ ጋር የሚቀራረቡትን ስድስት ካርዶች አውጥቶ ደረደረ፤ ስድስቱም «አይ» ናቸው። ልጅቱ ከጠረጴዛው ማዶ ካርዶቹን በተገላቢጦሽ ስታነብ አያት።

«ስንት ነኝ፣ ጋሼ?»

ወደ እሱ ጎንበስ አለች፤ አባትየውም እንደዚያው። ሦስት ጭንቅላት በአንዲት ጠረጴዛ ላይ ተገጣጠመ።

«ከመቶ ሦስት» አለ።

አባትየው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «ከኔ በአንድ አነሰች?»

«በአንተ ጊዜ አመልካቹ ትንሽ ነበር። እሷ ካንተ እጅግ ትበልጣለች። ፉክክሩ ነው የከፋው።»

ልጅቱ ግን ፈገግ አለች። «ሦስት እኮ ዜሮ አይደለም» አለች። «አመለክታለሁ።»

ቅጹን ሳምንት ሙሉ ተሸክሞት ዞረ። ጠዋት ያወጣዋል፣ ከሰዓት ይመልሰዋል። ከመስኮቱ ስር የውሃ ቧንቧ አለ፤ ልጅቱ ኮዳዋን ልትሞላ በመጣች ቁጥር «እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?» ትለዋለች። በሰባተኛው ቀን አራተኛው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ። እጁ ወደ አምስተኛው ሄዶ ነበር፤ ብዕሩ ሳጥኑ ላይ ጥላውን ጥሎ ነበር። ነገር ግን ታላቅ ነገር የሚሰጠው ለአንድ ብቻ ነውና፣ ምናልባት የሚቀጥለው ዓመት ልጅ… ብሎ መለሰው። ያም ሆኖ ደስ አለው። አራተኛውን ከሰጠ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ለዚያች ልጅ ያለውን ሁሉ እንደሰጣት እየተሰማው ቅጹን አሽጎ ላከ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ እንግዳ መጣች። ግራጫ ኮት የለበሰች፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት።

«ጋሼ፣ አወቁኝ?»

«ካርቶን ሰባት» አለ ወዲያው። «ሒሳብ ዘጠና አንድ፣ ቋንቋ ዘጠና አራት። እናትሽ ዳቦ ቤት ነበሩ።»

«ፊቴን ረስተው ካርዴን ያስታውሳሉ!» ብላ ጉንጩን ሳመችው።

ከሁለቱ «አዎ» አንዷ ነበረች። እዚያው ትልቁ ኮሌጅ ተቀጥራ ማመልከቻ አንባቢ ሆናለች፤ ቀን ከቀን የልጆችን ፋይል እያነበበች ትለያለች። የመጣችው ለተማሪዎቹ ስለ ኮሌጁ ልትነግራቸው ነው። ንግግሯ ካለቀ በኋላ ወደ መጋዘኑ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ጋሽ ሚዛንም የሚጠይቀው ሰው አጥቶ የኖረውን ጥያቄ አወጣው።

«ልጆቻችን ምን ይጎድላቸዋል? እውነቱን ንገሪኝ። በፈተና አያንሱም። እኔ ቆጥሬዋለሁ፤ አያንሱም።»

ሴትየዋ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ተመልሳ ተቀምጣ የኮቷን ቁልፍ ስታሽከረክር ቆየች።

«ባልናገር ደስ ይለኛል፣ ጋሼ።»

«ተናገሪ።»

«የሚጎድላቸው የለም። እርስዎ ነዎት።»

አልገባውም። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«ሳጥኑ» አለች። «ሦስት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሦስት እያሉ ነው የሚልኩልን። ሌላው ትምህርት ቤት ሁሉ፣ ሁሉም፣ አምስተኛው ላይ ነው የሚያደርገው። በር ላይ የቆመውን ዘበኛ ቢጠይቁት አምስት ነው የሚልዎት። አንድ ፋይል ለማየት የሚሰጠን ስምንት ደቂቃ ነው። አንባቢው መጀመሪያ ሳጥኑን ያያል። አራት ካየ፣ የገዛ አማካሪዋ ያላመነባት ልጅ ናት ይልና በቀሪው ሰባት ደቂቃ ሻይ ይጠጣበታል።»

«ሁሉም አምስት ካለ፣ አምስት ምን ትርጉም አለው?»

«ምንም። አራት ግን ትርጉም አለው።»

ከውጭ የቧንቧው ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«አንቺስ እንዴት ገባሽ?» አለ በመጨረሻ። እንደ መከራከሪያ ነበር ያወጣው፤ እየሰመጠ ያለ ሰው የሚይዘው ነገር።

«ስቀጠር የራሴን ፋይል አውጥቼ አየሁት። የእርስዎ ፊርማ የለበትም። ያን ዓመት ጉሮሮዎ እንደገና ተቀድዶ ሆስፒታል ነበሩ፤ የሞሉልን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነበሩ። ያውቋቸዋል መቼም፣ ወረቀት ሲያዩ ይነስራቸዋል። ሳያነቡት ነው መሰለኝ ለአራታችንም መጨረሻው ላይ ምልክት አድርገው ገላገሉን። ከአራታችን ሁለታችን ገባን።»

ከአራት ሁለት። ሒሳብ መምህር ነበርና ራሱ ሳይፈልግ አእምሮው አሰላው፤ ከመቶ አምሳ። ሁለቱ «አዎ»ዎች በአንድ ዓመት መሆናቸውን ድሮም ያውቅ ነበር። «ጥሩ ዓመት» ብሎ ነበር የጻፈባቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዕድል እመዝናለሁ ሲል፣ ሚዛኑ ላይ የተጫነውን የራሱን አውራ ጣት ሲያነብ ኖሯል። ዝቅ ያለ ቁጥር ይናገራል፤ ቁጥሩ እውነት እንዲሆን ደግሞ በር ዘግቶ፣ ቅጽ አሽጎ፣ ራሱ ይሠራው ነበር።

«የበያጁ ልጅ ፋይል…» አለና ወደ ካርቶኖቹ ዞረ።

ሴትየዋ ገባት። «የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ፋይል እንድነካ አይፈቀድልኝም። ማን እንደሚያነበውም አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ቀደም ብዬ መንገር ነበረብኝ። አፈርኩ። እርስዎን እንዲህ ይባላል?»

በዚያው ቀን ለኮሌጁ ሦስት ገጽ በእጁ ጻፈ። ተሳስቻለሁ፣ አምስተኛው ነው ማለት የነበረብኝ አለ፤ የፈተና ወረቀቷንም ግርጌ ቃል በቃል ገለበጠበት። በአሥረኛው ቀን ባለ ሁለት መስመር መልስ መጣ። ስለ ደብዳቤዎ እናመሰግናለን። የማስገቢያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ሰነድ ከፋይል ጋር አይያያዝም።

ለሚስቱ ነገራት። ትሳለቅብኛለች ብሎ ነበር፤ አልተሳለቀችም። ስትጠግነው የነበረውን ትራስ አስቀመጠች።

«ለልጅቷ ንገራት» አለች።

«መልሱ ሳይመጣ?»

«ከመጣ በኋላማ መናገር ሳይሆን መናዘዝ ይሆንብሃል።»

አልነገራትም። ሁለት ወር ሙሉ ልጅቱ በመስኮቱ ስር ኮዳዋን እየሞላች ሰላምታ ሰጠችው፤ እሱም እጁን አነሣላት። ምናልባት አንባቢው ሻይ የማይጠጣ ሰው ይሆን ይሆናል ብሎ አሰበ። ሲያስበው ደነገጠ። ተስፋ ማለት ይቺ ነበረች ለካ፤ የሰውን ልጆች ሲከለክል የኖረው። በስተርጅና እሱኑ ያዘችው፣ እንዳለውም ጨካኝ ነበረች።

መልሱ በአንድ ማክሰኞ መጣ። ልጅቱ ደብዳቤውን አጥፋ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ወደ መጋዘኑ ገባች።

«ካርዴ ላይ ይሙሉልኝ ብዬ ነው» አለች። «ለሚቀጥሉት ይጠቅማል ብለውን የለ?»

ካርዷን አወጣ። ብዕሩን አነሣ። መልሶ አስቀመጠው።

«ነገ» አለ።

በማግስቱ በእግሩ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄደ። የሥራ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ የብረት በር በሁለት በርሜል ላይ ተጋድሟል፤ ልጅቱ በጠመኔ ልኩን ምልክት ታደርጋለች፣ አባትየው ጭምብሉን ወደ ላይ ገልብጦ የመበየጃ ዘንግ፣ ኤሌክትሮድ፣ ይመርጣል። ጋሽ ሚዛንን ሲያዩት ሁለቱም ቀጥ አሉ። አባትየው ባልዲ ገልብጦ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ አስቀመጠው።

ነገራቸው። ሁሉንም። ሳጥኖቹን፣ አራተኛውን፣ ሆስፒታል የተኛበትን ዓመት፣ ከአራት ሁለቱን። የጎረቤቱ ብረት መቁረጫ እየጮኸ ስለነበር ጎንበስ ብለው፣ ተጠግተው ነበር የሚሰሙት፤ ልክ እንደዚያን ቀን።

ሲጨርስ አባትየው የያዘውን ኤሌክትሮድ በጣቶቹ መካከል አገላበጠው።

«እንግዲህ የኔዋ አራትም…» አለና ተወው። ደግሞ ጀመረ። «ለኔም ያሉኝ አራት ከዚያው ካርቶን ነው የወጣችው?»

«ከዚያው ነው።»

«ገባኝ» አለ። መጨቃጨቅ የሚፈልግ ፊት አልነበረውም። እጁን አየ፤ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ የሚቆጥር መሰለ። «ይቅር፣ የኔስ ያለፈ ነው። ለእሷ ግን ምን ይሻላል?»

«በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ብታመለክት…»

«አንዴ የመለሱትን እንደገና አይቀበሉም» አለች ልጅቱ። «ደብዳቤው ላይ አለ።»

ጠመኔውን በሩ ላይ አስቀመጠች። ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ዓይኗ ደርቋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ጋሼ? አሁን ቅጹን ቢሰጡዎት የትኛው ላይ ያደርጋሉ?»

«አምስተኛው ላይ።»

«የሚገባኝ ስለሆነ ነው ወይስ ስላሳዘንኩዎት?»

ሊመልስ አፉን ከፈተ። የሚገባሽ ስለሆነ ነው ሊላት ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ነገር ግን በዕድሜው ሙሉ ካልመጣ ልጅ ጋር ሲያወዳድር ስለኖረ፣ በፊቱ የቆመውን በራሱ ልክ አይቶት አያውቅም። ምን ያህል እንደሆነች አያውቅም። ያለ ካርቶኖቹ ምንም አያውቅም። ዋሽቶ እንኳ ቢላት፣ ይቺ ልጅ መጽሐፍ የተሳሳተውን የምታይ ልጅ ናት።

ዝም አለ። እሷም መልሱን እንደሰማች ሁሉ ራሷን ነቀነቀች፤ ጠመኔዋን አንሥታ ወደ ልኳ ተመለሰች።

አባትየው ጭምብሉን ወደ ፊቱ ሳበ። «ፊትዎን ወደዚያ ያዙሩ፣ ጋሼ» አለ በትሕትና፣ ለማንኛውም ደንበኛ እንደሚለው። «ብርሃኑ ዓይን ይጎዳል።»

ጋሽ ሚዛን በባልዲው ላይ እንደተቀመጠ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከኋላው ብረቱ ተንጣጣ፤ ሰማያዊው ብርሃን የጋሽ ሚዛንን ጥላ ግድግዳው ላይ እያበራ እያጠፋ አንቀጠቀጠው። አንዱ ኤሌክትሮድ አልቆ ሌላ ገባ፤ ያም አለቀ። በኋላ ብርሃኑ ቆመ፣ የመዶሻ ድምፅ መጣ፣ አባትና ልጅ ስለ ማጠፊያው ቀስ ብለው መነጋገር ጀመሩ። አሁን መዞር ይችላሉ ያለው ሰው ግን አልነበረም፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ ቁጭ አለ።